አንድ ደቂቃ ይስጡኝ

የእህቴ ልጅ «ምሳ በላህ?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት ካቆመ ሁለት ወር አለፈው። ድሮ እንደ ሰው «በላሁ» ወይም «አልበላሁም» ይል ነበር። አሁን እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ጣራውን ያያል፣ ከዚያ «አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፤ ሐሳቤን ላደራጅ» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ አንተ ያለኝ ልጅ እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ብቻ አንቱ ይለኛል። ደቂቃዋ ስታልቅ «ጉዳዩን በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ» ብሎ ይጀምራል። እሱ ሲከፍል ሽሮው ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ ታሟል ብዬ ነበር። ጁባ ውስጥ ወባ የያዘው ሰው ብዙ ያወራል። ግንባሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። በሽታውን የነገረኝ በኋላ ነው።

«ፋይናል ራውንድ ገብቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባል የለ፤ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ልጁ አዲስ አበባ ኢኮኖሚክስ ተምሮ በጥሩ ውጤት ተመረቀ። ሥራ ሲጠፋ ታላቅ እህቴ «እስኪሳካለት አንተ ጋ ይቆይ» ብላ ላከችልኝ። እኔ ማላኪያ ገበያ አጠገብ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ2003 ዓ.ም. ነው የከፈትኳት። ልጁ ቀን ሒሳብ ይቀበልልኛል፤ ማታ ማታ ዓለም ላይ ላለ ድርጅት ሁሉ ማመልከቻ ይልካል። እኔ ፌስቡክ ላይ ነው የሚያመሸው ብዬ ስነጫነጭ፣ ከአንድ ትልቅ የማማከር ድርጅት «የመጀመሪያውን ዙር አልፈሃል» የሚል መልእክት መጣለት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንዳልጠራ አስምሎኛል። የመጨረሻው ዙር በቪዲዮ ነው። ሦስት አለቆች ተራ በተራ ያወጡታል፣ ያወርዱታል።

«ምንድን ነው የሚጠይቁህ?» አልኩት።

«ኬዝ።»

እኔ ኬዝ ሲባል የማውቀው ፖሊስ ጣቢያ ያለውን ነው። ደነገጥኩ።

ለካ ሌላ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊትህ ይቀመጥና «አንድ ደንበኛችን ቡና ይሸጣል፤ ትርፉ ቀነሰበት፤ ለምን ይመስልሃል?» ይልሃል። ቡና ቤቱን አይተኸው አታውቅም። ሰውየውን አታውቀውም። አንተ ግን እየጠየቅክ፣ ጮክ ብለህ እያሰብክ፣ ያለ ካልኩሌተር እያባዛህና እያካፈልክ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ታዝለታለህ።

«ይሄማ እንቆቅልህ ነው!» አልኩት።

በልጅነታችን ማታ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እኔ ደካማ ስለነበርኩ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን በየምሽቱ ስሰጥ ነው ያደግኩት። ልጁ ግን «አይመሳሰልም» አለኝ። በእንቆቅልሽ የሚፈለገው መልሱ ነው። በኬዝ የሚፈለገው መልሱ ጋ የሄድክበት መንገድ ነው። መልሱን አግኝተህ መንገዱን ካላሳየህ ትወድቃለህ፤ መንገዱን አሳምረህ መልሱን ብትስት ግን ልታልፍ ትችላለህ። እንዲህ ያለ ደንብ በምግብ ቤት ቢኖር እኔ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ። «ወጡ አርሯል፤ የሽንኩርቱ አከታተፍ ግን ድንቅ ነበር» ብሎ የሚከፍል ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ማኪንዚ የሚባለውን የማማከር ድርጅት ጄምስ ማኪንዚ የተባለ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ እንዳቋቋመው አወቅኩ። ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በ1963፣ ቤይን ደግሞ በ1973 እዚያው ቦስተን ተከተሉ። ልጁ የሦስቱን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እናቴ ታቦት ስትጠራ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ማኪንዚ ዘንድ የሠራች ባርባራ ሚንቶ የምትባል ሴት ደግሞ አንድ ሕግ ትታላቸዋለች። «ሚሲ» ይሉታል። ነገርን ስትከፋፍል ክፍሎቹ እርስ በርስ አይደራረቡ፣ አንድም ነገር ውጭ አይቅር ነው ነገሩ። ልጁ ይህን ሕግ ከተማረ በኋላ ወጥ ቤቴ ሰላም አጣ። የቅመም መደርደሪያውን ላስተካክል ብሎ ገባ። ጨውን ለብቻ፣ ኮረሪማን ለብቻ፣ ዝንጅብልን ለብቻ እያደረገ መጣ፣ መጣና በርበሬው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። በርበሬው ውስጥ ኮረሪማ አለ። ዝንጅብልም አለ። ነጭ ሽንኩርትም፣ በሶብላም፣ ጨውም አለ። የት ይግባ?

«ይሄ ሚሲ አይደለም» አለ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ ወጥ ሠሪዬ።

«በርበሬሽ ተደራርቧል ነው የሚለው።»

ሦስት ቀን አኮረፈችን። በርበሬዋን የነካ የለም፤ እኛም አልቀመስነውም።

ለነገሩ ማላኪያም ሚሲ አይደለችም። ስሟ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ወታደር ያልሆነ፣ ሲቪል እንደማለት ነው። ከጁባ የጥንት ሰፈሮች አንዷ ናት። አንዱ ሱቅ ኡጋንዳዊ ቲማቲም ይሸጣል፤ ቀጥሎ የዳርፉር ሰው ጨርቅ፤ ቀጥሎ ኤርትራዊ የመኪና መለዋወጫ፤ ቀጥሎ እኔ። መስጊዱ ይጣራል፣ መዝሙሩ ይቀልጣል፣ ሁሉም በጁባ ዓረብኛ ይከራከራል፣ ይታረቃል። እኔስ ብሆን ምን ውስጥ እመደባለሁ? ምግብ እሸጣለሁ፣ ከሰል እሸጣለሁ፣ ሰው ሲቸግረው ዶላር እዘረዝራ... ይቅርታ፣ ይሄን አልጻፍኩትም።

ልጁ የልምምድ ጓደኛ ያስፈልገው ነበር። ሌሎቹ ተፈታኞች በኢንተርኔት እየተገናኙ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ሠላሳ አርባ ኬዝ ያልሠራ ሰው ለመጨረሻው ዙር አይቀርብም አለኝ። የእኛ ኢንተርኔት ግን ከጀነሬተሩ ጋር ይተኛል። ስለዚህ ጠያቂው እኔ ሆንኩ።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪዎቹን «ቺካጎ ውስጥ ስንት የፒያኖ ቃኚ አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር ይባላል። ከዚያ ዓይነት ጥያቄ እንድጀምር ነገረኝ። እኔ ፒያኖ የማውቀው በቴሌቪዥን ስለሆነ ጥያቄውን ወደ መንደር አመጣሁት።

«ጁባ በቀን ስንት ቦቴ ውሃ ትጠጣለች?»

እዚህ ከተማ ቧንቧ የደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ውሃው ከነጭ አባይ እየተቀዳ በቦቴ ይዞራል። ልጁ ደቂቃውን ወሰደ። ጣራውን ጨረሰ። ከዚያ «የከተማው ሕዝብ ስንት ነው?» አለኝ።

በዚህች አገር ሕዝብ የተቆጠረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ አገሪቱ ራሷ ገና ሳትወለድ። ያኔ ለመላው ደቡብ 8.26 ሚሊዮን ተባለ፤ የደቡቡ መንግሥትም «አሳንሳችሁናል» ብሎ አልቀበልም አለ። እኛም ብንሆን ለመሳቅ አፍ የለንም። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሰው ሲቆጥር ይህ ልጅ ፊደል ይቆጥር ነበር።

«ገምት» አልኩት።

«ግማሽ ሚሊዮን ብል?»

«በል፤ ማን ይቆጥርብሃል?»

ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ሰጠ። 10 ሚሊዮን ሊትር መጣ። አንዱ ቦቴ 10,000 ሊትር ይይዛል ብሎ አካፈለው። «አንድ ሺህ ቦቴ!» አለ፤ ፊቱ በራ። እንደ ዕድል ሆኖ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የቦቴ ሹፌር ጥብስ ይበላ ነበር፤ የአገራችን ልጅ ነው፣ በሥራው ዓመታት የቆየ። ከሱ የተሻለ ማን ይፈርዳል ብዬ «በቀን አንድ ሺህ ቦቴ ይሆናል?» አልኩት።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ልጁን አየው። ወረቀቱን አየው። እኔን አየኝ።

«ይሄን የሚጠይቀው ማነው?»

«ማንም አይደለም። ልጁ ሥራ ሊቀጠር ነው።»

«ታዲያ የኔን ቦቴ ምን አስቆጠረው?»

ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጠፋ።

ሁለተኛው ልምምድ ግን የባሰ ነበር። ልጁ ኬዙን ራሱ አመጣው፦ «ጁባ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት አለ፤ ትርፉ ቀንሷል።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ለምሳሌ ነው፣ ጋሼ።»

ወረቀቱ ላይ ዛፍ ሣለ። ትርፍ ከላይ፤ ሥሩ ገቢና ወጪ። ገቢን ደግሞ በሰው ብዛትና በዋጋ ከፈለው። ሰው አልቀነሰም፤ ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ዋጋም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሬአለሁ። «ስለዚህ ገቢው ጤነኛ ነው፤ በሽታው ወጪው ላይ ነው» ብሎ ፈረደ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዱቄቱም፣ ዘይቱም፣ ሽንኩርቱም ከኡጋንዳ በኒሙሌ ድንበር በኩል 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት አቋርጦ ነው የሚመጣው። የሚገዛው በዶላር፣ የሚሸጠው በአገሩ ፓውንድ። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ፓውንዱ ለገበያ እስኪለቀቅ ድረስ ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር ሦስት ፓውንድ አይሞላም ነበር። ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ አሥራ ስምንትን አለፈ። ዛሬ በሺዎች ነው የምንቆጥረው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ እዚህ ግን መጥነህ ደቁሰህም ማታ ዋጋው ሌላ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲያብራራ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከባንኮኒው ሥር ሰማያዊውን ደብተር አወጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩት።

የዱቤ ደብተር ነው። የዚህ አገር መንግሥት ገቢ ከሞላ ጎደል ነዳጅ ነው፤ ነዳጁም ወደ ባሕር የሚወጣው በሱዳን በኩል ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ሱዳን በጦርነት እየነደደች ሳለ፣ ዋናው ቧንቧ ተሰበረ። ቧንቧው ሲቆም ደመወዝ ቆመ። መምህሩም፣ ፖሊሱም፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም ምሳ መብላቱን አላቆመም፤ ያቆመው መክፈሉን ነው። «ጉሩሽ ማፊ፤ ቡክራ» ይለኛል። ገንዘብ የለም፤ ነገ። እኔም እጽፋለሁ። አንዲት ቡክራ ስንት ወር እንደምትረዝም ከዚህ ደብተር የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጠረጴዛው ሙሉ ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ነው። ቧንቧው የተሰበረው ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ የፈሰሰው ግን እኔ ባንኮኒ ሥር ነው። በልጁ ዛፍ ላይ ለዚህ የሚሆን ቅርንጫፍ አልነበረም።

ልጁ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠው።

«ጋሼ፣ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

«ተጨማሪ መረጃ አለ ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ እኮ!»

«ጠይቀኸኛል። ለምን እነግርሃለሁ?»

እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን።

ነጋዴን «ገበያ እንዴት ነው?» ብትሉት «ይመስገን» ነው የሚላችሁ። ሲያተርፍም ይመስገን፣ ሲከስርም ይመስገን። ቃሏ እንደ በርበሬው ናት፤ ሁሉም ውስጧ አለ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይለይም። አተረፍኩ ብትል ተበዳሪ ይመጣል። ከሰርኩ ብትል አበዳሪ ይመጣል። በ2013 እና በ2016 እ.ኤ.አ. እዚህ ከተማ ተኩስ ሲነሳ ሁለቱንም ጊዜ ነበርኩ። በ2016ቱ ተኩሱ በርዶ በሩን ስከፍት መደርደሪያዬ ላይ የቀረው የጨው ጣሳ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ከማዶ «እንዴት ነህ፣ ሐበሻ?» ሲለኝ ያልኩት ያንኑ ነው። ይመስገን።

ይህ ልጅ ደግሞ ከዚህ ቤት ተነሥቶ በልቡ ያለውን ሁሉ ለማያውቀው ሰው ጮክ ብሎ ሊዘረዝር ነው። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ምክሩ እንዳይታይ ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚፈልጉት ግን እንዲታይ ነው። ዝም ብሎ የሚያስብ ሰው እኛ ዘንድ አስተዋይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ወዳቂ።

የባሰው ደግሞ ስለራሱ የሚያወራበት ክፍል ነው። «አንድ ችግር የፈታህበትን ጊዜ ንገረን» ይሉታል። ልጁ የመረጠው ጀነሬተራችን የተቃጠለበትን ቀን ነው። እውነቱ እንዲህ ነበር፦ ጀነሬተሩ ተቃጠለ፤ ጎረቤት ከራሱ ላይ ገመድ ሳበልን፤ ወጥ ሠሪዋ ሥጋው ሳይበላሽ ቋንጣ አደረገችው፤ እኔ ተሳደብኩ፤ ልጁ ባትሪ ያዘልን። ግን «እኛ» አትበል፣ «እኔ» በል ተብሏል። ባትሪ ይዞ የቆመው ልጅ በሳምንት ውስጥ «ቀውሱን መራሁ፤ ባለድርሻ አካላትን አስተባበርኩ» ማለት ጀመረ። ወጥ ሠሪዋ ባለድርሻ አካል ማለት እሷ መሆኗን ስትሰማ «ድርሻዬ ስንት ነው?» ብላ መጣችብኝ። እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

እናቱም ደውላ ሲለማመድ ሰማችው። «ምን ሆኖ ነው እኔ፣ እኔ የሚለው? ብቻውን ነው እንዴ የምታኖረው?»

ከሁሉ የገረመኝ ግን «የኤርፖርት ፈተና» የሚሉት ነው። አለቃው በልቡ «በረራ ቢሰረዝና ከዚህ ልጅ ጋር ኤርፖርት ባድር ይሰለቸኛል ወይ?» ብሎ ይመዝናል አሉ። በዚህስ አልሰጋሁም። የጁባ ኤርፖርት አንድ ሰሞን መንገደኛውን ያስተናግድ የነበረው በድንኳን ነው። እኔ እዚያ ድንኳን ውስጥ በዚያ ሙቀት ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ወዳጅ ሆኜ ወጥቻለሁ፤ አንዱ እስካሁን ዱቤ አለበት።

ቀኑ ደረሰ። ጓዳው ውስጥ ከጀርባው ነጠላ ሰቀልንለት። ጀነሬተሩን ናፍጣ ሞላሁት። ቡና መቁላት ለሦስት ሰዓት ታገደ። በር ላይ የሚቆሙትን ቦዳ ቦዳዎች፣ የሞተር ታክሲዎቹን፣ ጡሩምባ እንዳይነፉ ብዬ የሻይ ሰጠኋቸው፤ ወሬው ተሰማና ያልተከፈላቸው ከማዶ መጥተው እየነፉ ተሰለፉ። እነሱንም ከፈልኩ። እኔ በሩ ላይ ወንበር ስቤ ዘብ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው አለቃ አለፈ። ሁለተኛዋም። የልጁ ድምፅ እየተዝናና ሄደ። እንግሊዝኛው ለእኔ ይፈጥንብኛል፤ ሲያባዛ ሲያካፍል ግን ይገባኛል፣ ቁጥር አገር የለውም።

ሦስተኛው ላይ፣ በእንግሊዝኛው መሐል «ዱቤ» የሚል ቃል ሰማሁ።

ጆሮዬ ቆመ። ተጠግቼ አዳመጥኩ። ስድስት ጠረጴዛ አለ። ቧንቧ አለ። ሰማያዊ ደብተር አለ። ከእህቴ እንኳ የደበቅኩትን ገመናዬን መልኩን ለማላውቀው ሰው ገጽ በገጽ እየገለጠለት ነው! ልነሣ ስል ሰውየው ሳቀ፤ የማሾፍ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀው፤ ይህችን ደህና አድርጌ ሰማኋት። «ባለቤቱን ምን ብለህ ትመክረዋለህ?»

ልጁ አንድ ደቂቃ ጠየቀ።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመችብኝ የለም። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ስንት ወር እንቅልፍ የነሣኝ ነገር መልሱ ከነጠላው ወዲያ ሊነገር ነው። ትንፋሼን ዋጥኩ። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመጀመሪያ...» አለ።

በዚህች ቅጽበት ያ የጠፋው የቦቴ ሹፌር ደጃፌ ላይ ገጭ ብሎ ቆመና ፓምፑን አስነሣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን ባወናጭፍ ሰላምታ መሰለው፤ እጁን አወናጨፈልኝ። በርሜሎቼ ሞልተው ሞተሩ ሲጠፋ ልጁ «አመሰግናለሁ» እያለ ነበር።

ሲወጣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ውሃ ሰጠሁት። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ «እና፣ ምን ብለህ መከርከው?» አልኩት።

«ማንን?»

«ባለቤቱን ነዋ!»

አየኝ። አጎቱን ነው የሚመስለው። «ለምን እነግርሃለሁ?» አለና ጥብስ አዘዘ፤ በዱቤ።

ማታ እናቱ ደወለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። በመጨረሻ «ይመስገን፣ እማዬ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

«ይመስገን ብሎ ዘጋኝ እኮ!» አለች እህቴ። «አንተ ንገረኝ እስቲ። አለፈ ማለቱ ነው፣ ወደቀ ማለቱ ነው?»

ሰማያዊው ደብተር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ የዕለቱን እየጻፍኩ ነበርና እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነው። ጣራውን አየሁ።

«አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፣ እትዬ» አልኳት፤ አንቺ የምላት እህቴን።